«ተፈትሿል፣ ይበራል» የሚባል ፔጀር እንዳትገዙ

ወገን፣ ሰሞኑን ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥባቸው ገጾች ላይ አሮጌ ፔጀር (በሬዲዮ አጭር መልእክት የሚቀበለው የኪስ ዕቃ) እንደገና ብቅ ብቅ ሲል እያየሁ ነው። ቁጥር ብቻ የሚያሳየው ዓይነት አይደለም። ኪቦርድ ያለው፣ መልእክት የሚቀበልም የሚልክም ነው። የሚቀርበውም ስልክ ለሰለቸው ሰውና ልጁን ከቲክቶክ ለማራቅ ለሚጨነቅ ወላጅ ነው። «ኢሜይል ይልካል፣ በአንድ ድንጋይ ለሳምንታት ይሠራል» ይላሉ። ልክ ነው፣ በ2000 እ.ኤ.አ. እንደዚያ ነበር።

(ፔጀር ሲባል በ2024 እ.ኤ.አ. ሊባኖስ ውስጥ የፈነዳው ትዝ የሚላችሁ ትኖራላችሁ። የኔ ጉዳይ ሌላ ነው። ይሄኛው የሚያፈነዳው ኪስን ነው።)

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ የማውቀው አንድ ልጅ በቅርቡ 140 ዶላር አውጥቶ አንዱን ገዛ። ሻጩ ሁለት አማራጭ ነው የሰጠው። አንደኛው የሞቶሮላ ቶክአባውት ቲ900 ነው፤ እንደ ሳጥን የሚከፈተው። ሁለተኛው ሪም 950 ነው፤ የብላክቤሪ አባት። የትኛው ይሻላል እየተባባሉ ብዙ ተጻጻፉ። የ950ው ኪቦርድ ለጣት ይመቻል፣ የቲ900 ዋጋ ይቀንሳል፣ ቀለሙ ደግሞ ያምራል... ሸውዱ ያለው እዚሁ ጋ ነው። ሁለቱን ዕቃ እያወዳደርክ ስትውል ዋናውን ጥያቄ ትረሳዋለህ፦ በየትኛው ኔትወርክ ነው የሚሠራው?

ልጁ 950ውን መረጠ። ድንጋይ አስገባ፣ በራ። በጎኑ ያለችውን ጎማ ሲያሽከረክራት ምርጫዎቹ አንድ በአንድ ይወርዳሉ። ዕቃው ፊደላችንን ስለማያውቅ በላቲን «ሰላም ነው?» ብሎ ጻፈና ላከ። ከመልእክቱ ጎን ትንሽ የሰዓት ምልክት መጣች። ገና አልሄደም፣ ጠብቅ ማለት ነው። በማግስቱም ያቺው ሰዓት እዚያው ናት። ሻጩን ሲጠይቀው የመጣው መልስ፦ «ተፈትሿል፣ ይበራል ነው ያልኩት። በርቶልሃል አይደል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚህ ዕቃዎች ሲም ካርድ የላቸውም። ቲ900 የተሠራው ሬፍሌክስ ለሚባለው የፔጀር ኔትወርክ ነው፣ 950 ደግሞ ለሞቢቴክስ። ሞቢቴክስ አሜሪካ ውስጥ ከተዘጋ ቆይቷል። ስለዚህ 950 ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ጣቢያው የተዘጋ ሬዲዮ ማለት ነው። ኢሜይሉም ቢሆን በዕቃው ብቻ የሚመጣ አልነበረም። ከጀርባ ሆኖ ደብዳቤህን ተቀብሎ ወደ ኪስህ የሚያስተላልፍ ሰርቨር ነበረው። እሱም የለም።

የሬፍሌክስ ትንሽ ይለያል። የፔጀር አገልግሎት እስካሁን አለ፣ አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታሎች ዛሬም ሐኪም ይጠሩበታል። ሻጮችም ይህቺን ይዘው «ኔትወርኩ አለ እኮ» ይላሉ። ይኑር! የዕቃህን መለያ ቁጥር መዝግቦ የሚከፍትልህ ግን ሻጩ ሳይሆን ኔትወርኩን የያዘው ድርጅት ነው። ከ20 ዓመት በላይ የቆየ የግል ዕቃ ይመዘግብልህ እንደሆነ ራስህ ደውለህ ጠይቅ። መልሱን ከነሱ አፍ ሳትሰማ አትክፈል። «የማስከፈቻ ጨምርልኝና እኔ አስከፍትልሃለሁ» የሚል ሻጭ ከመጣ ደግሞ እዚያው ላይ በቃህ።

ብላክቤሪ ስልክ ገዝታችሁ ወደ አገር ቤት ለመላክ ያሰባችሁም አላችሁ። ኩባንያው ከጥር 4 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብላክቤሪ 10 እና ለ7.1ና ከዚያ በታች ላሉት ሲስተሞች አገልግሎቱን አቋርጧል። ከዚያ በኋላ ዳታ፣ ጥሪና ኤስኤምኤስ አስተማማኝ አይሆኑም ብሎ ራሱ ነው የተናገረው። ቢቢኤም የሚባለው መጻጻፊያም ለተራው ተጠቃሚ በ2019 ተዘግቷል። ኪቦርዱ አሪፍ ነው፣ አልክድም። እናትህ ግን በኪቦርድ አታወራህም። በአንድሮይድ የሚሠሩት የኋለኞቹ ብላክቤሪዎች ከዚህ ውጪ ናቸው።

ከስልክ ራቅ ብሎ መልእክት ብቻ መለዋወጥ የፈለገ፣ ዛሬ ለዚህ የሚቀርበው እንደ ጋርሚን ኢንሪች ያለው ነው። በኢሪዲየም ሳተላይት አጭር መልእክት ይልካል፣ ይቀበላል፣ ወደ ኢሜይል አድራሻም ይጽፋል። ርካሽ አይደለም፣ የአገልግሎት ክፍያም አለው። ለገጠር መንገድና ለተራራ ካልሆነ አልመክርም። ለልጅ ከሆነ ኢንተርኔት የሌለው ተራ የቁልፍ ስልክ ይበቃል፤ እሱንም የምትጠቀሙበት ኔትወርክ ይቀበለው እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሻጩ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ ወዲያው ገንዘብ በሚላክበት) ላኩልኝ ካላችሁ እሺ አትበሉ፣ በዚያ የሄደ ገንዘብ ተመልሶ ማግኘት ጭንቅ ነው። በክሬዲት ካርድ የከፈላችሁ ግን ማስታወቂያው ላይ «ኢሜይል ይልካል» የሚል ተጽፎ ከሆነ ዕድል አላችሁ። ሻጩ ሳያጠፋው ስክሪንሹት አንሱትና ካርዱን ለሰጣችሁ ባንክ ዛሬውኑ አቤት በሉ።