ከክረምቱ ቅናሽ እስከ ገና ሻንጣ፦ የትምህርት መሣሪያዎች ግምገማ

የምኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ላለፉት ስድስት ዓመታት በየክረምቱ የጽሕፈት መሣሪያ በቅናሽ እየገዛሁ ከፊሉን ለሁለቱ ልጆቼ፣ ከፊሉን እዚሁ ለሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ የቀረውን ደግሞ ታናሽ እህቴ በደብረ ብርሃን አካባቢ ለምታስተምርበት የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስቀምጣለሁ። በዚህ ግምገማ በእጄ ካለፉት ዕቃዎች መካከል የትኛው የተከፈለበትን ዋጋ እንደሚያወጣ፣ የትኛው ርካሽ መስሎ እንዳስከፈለኝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለቤት የሚገዛውና ወደ አገር ቤት የሚላከው ለምን አንድ ዓይነት መሆን እንደሌለበት ለመግለጽ እሞክራለሁ።

ቅናሹ የሚጀምረው ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ነው። ታርጌትንና ዎልማርትን የመሳሰሉ ትልልቅ መደብሮች ደንበኛው ወደ ሱቁ እንዲገባላቸው ሲሉ ጥቂት ዕቃዎችን ትርፍ በማያስገኝ ዋጋ ያቀርባሉ፤ ትርፋቸውን የሚያገኙት እግረ መንገዱን ከሚገዛው ቦርሳ፣ ጫማና ልብስ ነው። ባለ 24 ቀለም የክሬዮላ ከለር ሳጥንና ባለ 70 ሉህ ደብተር እያንዳንዳቸውን በ50 ሳንቲም ገደማ የገዛሁባቸው ሳምንታት ነበሩ፤ እነዚሁ ዕቃዎች በኅዳርና በታኅሣሥ የዚያን እጥፍና ከዚያም በላይ ያወጣሉ። ስለዚህ የሚፈለገው በወረቀት ተጽፎ፣ ብዛቱም ተወስኖ ከተሄደ ቅናሹ እውነተኛ ቅናሽ ነው። ልጆቼን ይዤ፣ ዝርዝር ሳልይዝ በሄድኩበት ዓመት ግን በደብተር ያተረፍኩትን በሚያብረቀርቅ የእርሳስ መያዣ መልሼ ከፍያለሁ። አንዳንድ መደብሮች አንድ ሰው የሚገዛውን ብዛት ስለሚወስኑ፣ ለስጦታ ብዙ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ኃላፊውን ቢያነጋግር መልካም ነው፤ ለትምህርት ቤት እንደሚሰጥ ሳስረዳቸው የፈቀዱልኝ ጊዜ አለ።

ስለ ታክስ ነፃ ቀናት ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ባጭሩ ልግለጽ። በቨርጂኒያ ከኦገስት የመጀመሪያው ዓርብ እስከ እሑድ ባሉት ሦስት ቀናት፣ የአንዱ ዋጋ ከ20 ዶላር የማይበልጥ የትምህርት መሣሪያ እንዲሁም ከ100 ዶላር የማይበልጥ ልብስና ጫማ ከሽያጭ ታክስ ነፃ ይሆናል። ገደቡ የሚታየው በእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ ስለሆነ የጠቅላላው ሒሳብ ማደግ አያሳስብም። በሜሪላንድ ግን በኦገስት ሁለተኛው እሑድ የሚጀምረው ሳምንት የሚመለከተው ልብስና ጫማን እንዲሁም የቦርሳ ዋጋን የመጀመሪያ 40 ዶላር ብቻ ነው፤ ደብተርና እርሳስ አይካተቱም። ወንዝ ተሻግረው የሚገዙ ወዳጆቼ ይህን ልዩነት ባለማወቃቸው ሲያዝኑ አይቻለሁ። ያም ሆኖ በእኛ አካባቢ ታክሱ 6 በመቶ በመሆኑ፣ በ50 ዶላር የጽሕፈት መሣሪያ ላይ የሚተርፈው 3 ዶላር ነው፤ ለዚያ ብቻ ሲባል የዚያን ቅዳሜ ሰልፍ መቆም የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ወደ ደብተሩ ስንመጣ፣ በዚህ አገር በብዛት በቅናሽ የሚቀርበው በሽቦ የተጠቀለለው ባለ 70 ሉህ ነው። ወረቀቱ ለእርሳስና ለእስክርቢቶ ይበቃል፤ ማርከር ግን ወደ ጀርባው ያልፋል። ዋና ጉድለቱ ሽቦው ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ሲጨናነቅ ይጣመማል፣ ጫፉ ሹራብ ይስባል፣ ቅጠሎቹም ከመንፈቅ በኋላ አንድ በአንድ ይላቀቃሉ። በጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ሽፋን የሚታወቀው ባለ 100 ሉህ ደብተር ግን ወገቡ በክር የተሰፋ፣ ሽፋኑም ጠንካራ ካርቶን ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ይቆያል፤ ሁለቱ በተቀራራቢ ዋጋ በሚገኙበት ሳምንት ያለ ማመንታት የምመርጠው እርሱን ነው። የመስመሩም ስፋት ሊታይ ይገባል። ሰፊው መስመር 8.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጠባቡ 7.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልዩነቱ በእንግሊዝኛ ጽሕፈት ብዙም ላይታይ ይችላል፤ ፊደል ለሚማር ልጅ ግን ትልቅ ነው። ልጆቼ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ሲማሩ በጠባቡ መስመር ላይ የ«ቋ»ን እግርና የ«ጬ»ን ቀለበት ማስገባት አቅቷቸው ይታገሉ ነበር፤ ሰፊውን ከገዛሁላቸው ወዲህ የእጅ ጽሑፋቸው ተስተካክሏል። ልጆቻቸውን አማርኛ የሚያስተምሩ ወላጆች ሁሉ በሽፋኑ ላይ የተጻፈውን የመስመር ዓይነት ሳያዩ እንዳይገዙ አሳስባለሁ።

የዚህ ግምገማ ዋና ጉዳይ ግን እርሳስ ነው፤ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የሚሰጠው፣ ከሁሉም በላይ የሚጠፋው፣ በጥራትም ከሁሉም በላይ የሚለያየው እርሱ ነው። አንድ ዓመት በጅምላ፣ በጣም በረከሰ ዋጋ፣ ስሙ ከማይታወቅ አምራች አሥራ ሁለት ደርዘን እርሳስ ገዛሁ። መቅረጫ ውስጥ ሲገባ ሊዱ፣ ማለትም የሚጽፈው ጥቁር መሐሉ፣ ይሰበራል፤ እንደገና ሲቀረጽ እንደገና ይሰበራል፤ ልጁ በሦስተኛው ቀን የያዘው ጣቱን የማያክል ቁራጭ ነበር። ቆርጬ ስመለከተው ሊዱ ከእንጨቱ መሐል ወደ አንድ ጎን ተንሸራቷል። ከዚያ ወዲህ ሳልገዛ በፊት ያልተቀረጸውን ጫፍ ፊት ለፊት አያለሁ፤ ጥቁሩ ነጥብ ከመሐል ካልተቀመጠ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ እተወዋለሁ። አሁን የምገዛው አረንጓዴና ቢጫ አንገት ያለውን፣ ቲኮንደሮጋ የተባለውን ቢጫ እርሳስ ነው። ዋጋው ከሌሎቹ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ሊዱ አይሰበርም፣ እንጨቱ በተራ መቅረጫም ሆነ በምላጭ እኩል ይላጋል፣ ላጲሱም ወረቀት አያቆሽሽም። እህቴ ባለፈው ዓመት በላከችልኝ የድምፅ መልእክት፣ «እትዬ፣ የዘንድሮዎቹ እርሳሶች እስከ ፋሲካ ደርሰዋል፤ የአምናዎቹ ግን ለጥምቀት እንኳ አልደረሱም» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ምስክርነት ልሰጠው አልችልም። በነገራችን ላይ በዚህ አገር «ቁጥር 2» የሚባለው እርሳስ በአገር ቤት «ኤች ቢ» ተብሎ ከሚሸጠው ጋር አንድ ስለሆነ፣ ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች ሊጨነቁ አይገባም።

ክሬዮላ ከ1903 ጀምሮ የሚሠራ የሰም ከለር ነው፤ በሳጥኑ ላይም መርዛማ አለመሆኑን የሚያመለክት ምልክት አለበት። ትንንሽ ልጆች የያዙትን ሁሉ ወደ አፋቸው ስለሚያስገቡ ይህ ምልክት ለእኔ ከቀለሙ ድምቀት ይበልጣል። ከለሩ ደምቆ ይወጣል፣ ለዓመታት ቢቀመጥም አይደርቅም። ሙቀት ግን አይችልም፤ በበጋ ፀሐይ መኪና ውስጥ የረሳሁት ሁለት ሳጥን ቀልጦ አንድ ላይ ተጣብቋል። ማርከር በአንጻሩ ክዳኑ በሚገባ ካልተገጠመ በአንድ ሌሊት ስለሚደርቅ ለቤት እንጂ ለስጦታ አልገዛውም። እስክርቢቶ ከተነሣ፣ በአገር ቤት ሁላችንም የተማርንበት ቢክ እስካሁን የሚያህለው አላገኘሁም። በክዳኑ ጫፍ ላይ ያለችው ቀዳዳ ልጅ ክዳኑን ቢውጠው አየር እንድታሳልፍ ታስባ የተሠራች መሆኗን ካወቅሁ ወዲህ ለታናናሾቹም ያለ ስጋት እሰጣለሁ።

ስለ ቀሪዎቹ ብዙ አልልም። መቅረጫ ከብረት የተሠራው ይሻላል። ማስመሪያ ሲገዛ በአንድ ጎኑ ሴንቲ ሜትር መኖሩን ማየት ግድ ነው፤ በኢንች ብቻ የተከፈለ ማስመሪያ ለኢትዮጵያ ተማሪ አይጠቅምም። በዱላ መልክ የሚሸጠው ደረቅ ኮላ በዓመት ውስጥ ስለሚደርቅ ከአንድ የትምህርት ዓመት በላይ ማከማቸት ኪሳራ ነው።

ለቤት ሲከማች የማስበው ስለ ጥር ወር ነው። በመክፈቻው ሳምንት ልጆቻችን ከትምህርት ቤት በተላከው ዝርዝር መሠረት ሁሉንም ይዘው ይሄዳሉ፤ በጥር ወር ግን እርሳሱም ኮላውም አልቆ መምህራኑ ከኪሳቸው መግዛት ይጀምራሉ። የፌዴራሉ የግብር ሕግ አንድ መምህር ለክፍሉ ካወጣው ገንዘብ የተወሰነውን ከግብር ስሌቱ እንዲቀንስ የሚፈቅድለት መሆኑ ራሱ ነገሩ ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ያሳያል። ስለዚህ ከነሐሴው ግዢ አራት ደርዘን እርሳስና አሥር ኮላ ለይቼ አስቀምጥና ከገና ዕረፍት በኋላ ለልጆቼ መምህራን እልካለሁ። በመስከረም ከሚሰጠው በእጥፍ የሚመሰገነው በጥር ወር የሚሰጠው ነው።

ለአገር ቤት የሚሆነውን ግን በነሐሴ አልገዛም። ከሌበር ዴይ በኋላ፣ ማለትም ከሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ ወዲህ፣ መደብሮቹ የተረፋቸውን ለመጨረስ ዋጋውን ደረጃ በደረጃ ያወርዳሉ፤ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ግማሽ ዋጋ፣ ቀጥሎም ከዚያ በታች ይሆናል። ደብተሩ ያኔ አልቋል፤ መቅረጫው፣ ከለሩ፣ ኮምፓሱ፣ የእርሳስ መያዣው ግን በብዛት ይገኛል። ይህ ግዢ ለመስከረሙ የትምህርት መክፈቻ አይደርስም፤ እኔ ግን እንደ ጉድለት አላየውም። በመስከረም ብዙ ሰው ይሰጣል፤ ቤተሰብም እንደ ምንም ብሎ ለልጁ ይገዛል። ተማሪው ባዶ እጁን የሚቀረው በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ለገና ወደ አገር ቤት ስሄድ የማደርሰው ዕቃ ለሁለተኛው መንፈቀ ዓመት መጀመሪያ ይደርሳል።

የመጀመሪያው ዓመት ስሕተቴ እዚህ ላይ ይጠቀሳል። ርካሽ ነው ብዬ ስድሳ ደብተርና ብዙ እሽግ ባለ ሦስት ቀዳዳ ልቅ ወረቀት በሻንጣ ጫንኩ። ባለ 70 ሉሁ ደብተር በወጥ ቤት ሚዛን ሩብ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የተፈቀደልኝ አንድ ሻንጣ ደግሞ 23 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ስድሳው ደብተር ብቻውን 15 ኪሎ በላብኝ። ልቅ ወረቀቱን ደግሞ የሚይዝ ቀለበት ያለው አቃፊ በትምህርት ቤቱ ስላልነበረ፣ እህቴ ራሷ በመርፌና በክር እየሰፋች አደለችው። በዚያ ሁሉ ክብደት የደረስኩት ስድሳ ልጆችን ብቻ ነበር፤ ለዚያውም ለእያንዳንዳቸው አንድ ደብተር ብቻ፣ አንድ ተማሪ ደግሞ ለየትምህርቱ አንዳንድ ደብተር ያስፈልገዋል። የአንዱ ደብተር ክብደት ከአራት ደርዘን እርሳስ ክብደት ጋር እኩል መሆኑን የመዘንኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደብተር ከዚህ አልጭንም። ገንዘቡን ይዤ ሄጄ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ካለ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በደርዘን እገዛለሁ፤ ብዙ ሲሆን ደግሞ መርካቶ በጅምላ ገዝቼ በአውቶቡስ አስጭነዋለሁ። የአገር ቤቱ ደብተር መጠኑ ተማሪው ከለመደው ሽፋን ጋር ይገጥማል፣ ባለ ሱቁም ይጠቀማል፣ ሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ስለሚይዝ ከአሜሪካ የመጣውን የያዘና ያልያዘ የሚል ልዩነት በክፍል ውስጥ አይፈጠርም። ይህን የመጨረሻውን ምክንያት የነገረችኝ እህቴ ናት፤ እኔ በራሴ አላሰብኩትም ነበር። በሻንጣው የሚሄደው ቀላልና በዚያ በጥራት ለማግኘት የሚያስቸግረው ነው።

ባለፈው ገና አንዱ ሻንጣዬ የያዘው አርባ ደርዘን ቲኮንደሮጋ፣ አንድ መቶ የብረት መቅረጫ፣ ሁለት መቶ ላጲስ፣ ሃምሳ ኮምፓስና ለመጀመሪያ ክፍል ሕፃናት ሠላሳ ሳጥን ክሬዮላ ነበር። ክብደቱ ከ20 ኪሎ ስላላለፈ ለእናቴ የገዛሁት ሹራብ ከላይ ገብቷል። ከለሮቹን እህቴ ለሕፃናቱ አላደለቻቸውም፤ በክፍሉ ቁም ሳጥን ቆልፋ፣ በሥዕል ክፍለ ጊዜ ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ ሳጥን እያወጣች፣ ሲጨርሱ ቆጥራ ትመልሳለች። በግንቦት ስደውልላት ሃያ ስድስቱ ሳጥኖች ሙሉ ነበሩ።