የኋላ ሰስፔንሽን ላስቸገራችሁ፣ ሜሪላንድ ያገኘሁት ጋራዥ

እዚህ ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) አካባቢ የአፈር ትራክ ውድድር የለከፈን ሐበሾች ብዙ እንዳልሆንን አውቃለሁ፣ ለሁለት ለሦስታችንም ቢሆን ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው። የጋራዡን ስም የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ ሰውዬው ብቻውን ነው የሚሰራው፣ ስልክም እንደልቡ አያነሳም፣ ሰው ከበዛበት ጭራሽ ይዘጋብናል።

መኪናዬ የ1985 ሞንቴ ካርሎ ነች፣ ስትሪት ስቶክ በሚሉት፣ ተራ የመንገድ መኪና ለውድድር ተዘጋጅቶ በሚገባበት ክፍል ነው የምነዳው። የኋላው አሰራር ያው ጂኤም ሜትሪክ የሚሉት ነው፣ አራት ክንድ አለው፣ ሁለቱ ከታች ወደፊት ሄደው ሻንሲው ላይ ይታሰራሉ፣ ሁለቱ ደግሞ ከዲፈረንሻሉ አናት ተነስተው ሰያፍ ወደ ጎንና ጎን ይከፈታሉ፣ ከዛ ሞላና ሾክ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ኩርባ ስገባ ምንም አትልም፣ መሀል ላይ ስደርስ ግን ድንገት ቂጧ ወልቆ ይሄዳል። ቀስ እያለ ቢንሸራተት እኮ በመሪ ትይዘዋለህ፣ ይሄ ግን ዱብ ዕዳ ነው። ማጣሪያው ላይ አፈሩ ገና እርጥብ ስለሆነ እንደምንም አልፋለሁ፣ ዋናው ውድድር ሲደርስ ትራኩ ደርቆ ጥቁር ሲያበራ ዞሬ ከኋላ ከሚመጡት ጋር ፊት ለፊት እተያያለሁ።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ ሞላው ጠንክሮብህ ነው ብሎኝ ሁለቴ ሞላ ገዛሁ። የቀኙን የኋላ ጎማ አነስ ባለ ጎማ ቀየርኩ፣ ንፋስ ቀነስኩ ጨመርኩ፣ ወፍ የለም።

ይሄኛው ሰውዬ መኪናዋን ሳያይ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፣ ይሄ ከመጀመሩ በፊት ምን ነካካህ አለኝ። ክንዶቹ የሚታሰሩበትን የላስቲክ ጎሚኒ በሙሉ አውጥቼ ፖሊ በሚሉት ጠንካራ ፕላስቲክ ቀየርኩት ስለው ሳቀ። ከዛ ሞላና ሾኩን ፈታ፣ ሻንሲውን ስታንድ ላይ አስቀምጦ ክሪኩን በዲፈረንሻሉ አንድ ጎን ብቻ አስገብቶ ከፍ አደረገው። ሞላ የሌለው ነገር እኮ ዝም ብሎ መውጣት ነበረበት፣ ትንሽ ሄዶ ነከሰና ሻንሲውን ከስታንዱ ሊያነሳው ደረሰ። መኪናዋ ኩርባ ላይ ስታጋድል የላይኞቹ ክንዶች ሰያፍ ስለታሰሩ ወደላይ ወደታች ብቻ ሳይሆን መጠማዘዝም አለባቸው፣ ላስቲክ ይጠማዘዝላቸዋል፣ ፖሊው እምቢ ይላል፣ ስለዚህ እኔ ሞላ በቀየርኩ ቁጥር ክንዱ ራሱ ሌላ ሞላ ሆኖ ቁጭ ብሏል ማለት ነው። ከላይ ላስቲኩን መለሰልኝ፣ የታችኞቹን ተዋቸው አለ።

በዚህ አላበቃም፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ መሀል ለመሀል ለካ። የፋብሪካው ልክ 108 ኢንች ነው፣ ቀኙ ልክ ሲሆን ግራው ግማሽ ኢንች ጎደለ። የግራ የታችኛው ክንድ ተጣሟል። ያኔ ትዝ አለኝ፣ በውስጥ በኩል ምልክት ተብሎ የተቀበረውን የትራክተር ጎማ አንድ ቀን ገጭቼው ነበር፣ ምንም አልሆነም ብዬ ረስቼዋለሁ። ግራው ወደፊት ሲሳብ አክስሉ ወደ ቀኝ ያያል፣ እኛ ደግሞ ሁሌ ወደ ግራ ነው የምንዞረው፣ ቂጧ ወደ ውጪ ቢሄድ ምን ይገርማል። በመጨረሻ እኔን ወንበሯ ላይ አስቀምጦ አራቱን ጎማ ሚዛን ላይ አወጣና የኋላ ግራው ከቀኙ ትንሽ እንዲከብድ አስተካከለ። ሞላ ስቀይር አንዴም መዝኛት እንደማላውቅ አልነገርኩትም።

የማይመቸው ነገር፣ ሦስት ሳምንት አስቆይቶኛል፣ ካርድ አይቀበልም፣ ካልጠየቅከው ደግሞ አያስረዳህም። ሒሳቡ ግን ለሞላ ካወጣሁት ያንሳል።

ያለፈው ቅዳሜ ስምንተኛ ወጣሁ፣ አንዴም ሳልዞር። አሁን ከኩርባ ስወጣ ጋዝ ስሰጣት አፍንጫዋ ትንሽ ወደ ውጪ ይገፋል፣ ለእሱ ተመልሼ እሄዳለሁ። እስከዛ ሁለት ጥንድ ሞላ አለኝ፣ ምንም ያልሆኑ፣ የሚፈልግ ካለ በርካሽ እለቃለሁ።