እናቴን «ምን ቀመሱ?» ብላ ለጠየቀች ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በደብረ ማርቆስ ከተማ፣ በአንዲት አነስተኛ ክሊኒክ የምትሠራ የጤና ባለሙያ ለእናቴ ያደረገችውን በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ሉማሜ የምትኖረው እናቴ አባታችን ካረፈ ወዲህ ሰው እየሸሸች፣ ቁጭ ባለችበት እያለቀሰች፣ የልጅ ልጆቿን ስም እስከ መሳት ደርሳ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልወሰድናት ቦታ የለም። አንዱ ዘንድ «እርጅና ነው» ተባልን፤ ሌላው ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት የጭንቀት መድኃኒት ጻፈላት፤ ሦስተኛው ደግሞ በሬ ሸጠን የያዝነውን ገንዘብ ተቀብሎ አንድ ፌስታል ቫይታሚን አሸክሞ ሸኘን። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ይህች እኅታችን ግን ከወንበሯ ተነሥታ እናቴ እግር ሥር በርከክ አለችና ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዳሰሰች። ቀጥላም «እናቴ፣ ትናንት ከጧት ጀምሮ ምን ቀመሱ?» አለቻት። እንጀራ በሽሮና ቡና ብቻ ነበር። «ዶሮ የለዎትም?» ስትላት «አሉኝ፤ እንቁላሉ ለገበያ ነው እንጂ!» ብላ መለሰች። አባታችን ከሞተ ጀምሮ በፍስክም ወተት እንደማትቀምስ እኛ ልጆቿ የሰማነው ያን ዕለት ነው።

ደሟ ተመርምሮ ቫይታሚን ቢ12 እጅግ ማነሱ ታወቀ። የምርመራው ወረቀት አልገባኝም፤ ያስረዳችን ግን ገብቶኛል። ይህ ቫይታሚን በሥጋ፣ በዓሣ፣ በእንቁላልና በወተት እንጂ በጤፍም በሽሮም በጎመንም አይገኝም፤ ለዓመታት የዋጠችው የጨጓራ መድኃኒትም ሰውነቷ በደንብ እንዳይቀበለው ያደርጋል፤ ሲጎድል እግር ያደነዝዛል፣ ያስረሳል፣ ሆድ ያስብሳል። መርፌ አዘዘችላት፤ ከፌስታሉ ውስጥ አብዛኛው እንደማያስፈልጋት በግልጽ ነገረችን፤ የጭንቀቱን መድኃኒት ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳታቋርጥ፣ እኛም በኀዘኗ ብቻዋን እንዳንተዋት አጥብቃ አሳሰበች። ጾሟን አልነቀፈችም፤ «ስለ ጾሙ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ በፍስክ ግን ከእንቁላሉ አንዱ የአንቱ ይሁን» አለቻት እንጂ።

ሰባት ወር ሆነ። የእግሯ መደንዘዝ ጨርሶ አልለቀቃትም፤ ነገር ግን እድር ትወጣለች፣ ጎረቤት ቡና ትጠራለች፣ የልጅ ልጆቿንም በየስማቸው ትቆጣለች። እግዚአብሔር ውለታዋን ይክፈልልኝ!

እናት አባታችሁ እንዲህ የሆኑባችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ወደ እርሷ ውሰዷቸው። ስሟን እንዳልጽፍ ስለ ለመነችኝ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ አድራሻዋን እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ያዙ፤ ከምግቡ ቀጥላ የምትጠይቀው እሱን ነው።