ለእማማ ማን ይሻላል፦ የቤት ሠራተኛ ወይስ የሠለጠነ አስታማሚ?

አዳማ ውስጥ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ያለበት ቤት ብዙ ጊዜ ማስታመሙን በሠራተኛዋ ላይ ይደርባል። ይረክሳል። ልጅቷም ቤተኛ ናት፤ እማማ ቡናቸውን እንዴት እንደሚወዱ ታውቃለች።

ልዩነቱ የሚታየው ጀርባቸው ሲገለጥ ነው። የሠለጠነችው በየ2 ሰዓቱ ታገላብጣቸዋለች። ባታቸው ሥር ትራስ አድርጋ ተረከዛቸውን ከፍራሹ ታነሳለች። በአዳማ ሙቀት፣ ላብ ሲጨመርበት፣ የአልጋ ቁስል ጊዜ አይሰጥም። ልጅቷ ግን ወጥ ልታማስል ሄዳ ትረሳለች። አልፈርድባትም፤ ማን አሳያት?

አሜሪካ በሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን በሆነው የመንግሥት የጤና መድን) በሚከፈላቸው ድርጅቶች የሚሠራ የቤት ውስጥ ጤና ረዳት ቢያንስ 75 ሰዓት ይሠለጥናል፤ ቢያንስ 16ቱ በተግባር።

አቅም ካነሰ፣ እኔ ብሆን የሠለጠነችውን ለአንድ ወር ብቻ እቀጥርና ልጅቷ አጠገቧ ሆና እንድትማር አደርጋለሁ። ደሞዟም ይጨመርላት እንጂ፤ ሁለት ሥራ እኮ ነው።