ለሳሪሱ የጽሕፈት ቤት ጋሼ ምስጋና፣ ሥራ ለምትፈልጉ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት የመጀመሪያ ደመወዜ ገባልኝ። ዛሬ ጠዋት አንድ ኪሎ ቡና ይዤ ጋሼ ጋ ሄጄ ነበር፤ ፊታቸው ስቆም ግን ያሰብኩት ሁሉ ጠፋብኝና «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ብዬ ወጣሁ። የቀረውን እዚህ ልጻፈው።

ሳሪስ አቦ አካባቢ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሑፍ የሚሠሩ አባት ናቸው። «ስሜን አትጻፊ» ስላሉኝ አልጽፍም፤ ሰፈሩም ጋሼ ብቻ ነው የሚላቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ሠርተዋል። አሁን ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር በያዘች ጠባብ ክፍል ከልጃቸው ጋር ይሠራሉ።

እኔ በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ በአካውንቲንግና ፋይናንስ ነው የተመረቅኩት። የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን የተመረቀ ሁሉ ያውቀዋል፦ እሑድና ረቡዕ ሪፖርተር ጋዜጣ፣ በቀረው ቀን የቴሌግራም ቻናል፣ «0 ዓመት ልምድ» የሚል ፍለጋ። ጥቅምት ላይ አንድ አስመጪ ድርጅት ለጁኒየር አካውንታንት ቦታ ጠራኝ። ስልኩ የተደወለው ሰኞ፣ ኢንተርቪው ደግሞ ሐሙስ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ነበር።

ጋሼ ጋ የገባሁት ሲቪዬን ኮፒ ላስደርግ ብቻ ነው። ሲቪውን ሌላ ቦታ 300 ብር ከፍዬ አሠርቼው ነበር፣ አራት ገጽ። ጋሼ ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ሊያደርጉ ሲሉ ዓይናቸው አረፈበት መሰለኝ ቆም አሉ።

«ኢንተርቪው አለሽ እንዴ ልጄ?»

«አዎ፣ ሐሙስ።»

«ፒችትሪ በጣም ጥሩ ይላል። እውነት ነው?»

ዝም አልኩ። ፒችትሪ የሒሳብ መሥሪያ ሶፍትዌር ነው፤ እኔ የሁለት ሳምንት ስልጠና ነው የወሰድኩት፤ ያንን መስመር የጻፈው ሲቪውን የሠራልኝ ሰው ነው።

«እነሱም ሲጠይቁሽ እንዲህ ዝም ልትዪ ነው?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፤ ኮፒውንም አላነሱልኝም።

ቀጥለው የጠየቁኝ ኢንተርንሺፕ የት እንደወጣሁ ነው። ወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ሁለት ወር ቆይቻለሁ። ሲቪው ላይ ግን አንድም ቃል የለም፣ እኔ ራሴ ነኝ አይረባም ብዬ ያስቀረሁት። «ምን ትሠሪ ነበር?» ሲሉኝ «ምንም፣ ቫውቸር መደርደር» አልኳቸው። ጋሼ ግን አልለቀቁኝም። በምን ቅደም ተከተል? ደረሰኝ የጎደለው ሲገኝ ምን ታደርጊ ነበር? ለማን ታሳውቂ ነበር? እያሉ ሲጠይቁኝ፣ ደረሰኝ የሌላቸውን ክፍያዎች ለብቻ መዝግቤ ለአለቃዬ አስረክብ እንደነበር፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅም ሁለት ጊዜ አብሬ እንደሠራሁ ትዝ አለኝ። «ይሄ ነው ሥራሽ» አሉና ልጃቸው አራቱን ገጽ ወደ አንድ ገጽ ተኩል አወረደችው። ቁመቴና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቴ ወጡ፣ ወረዳው ገባ። የፒችትሪው መስመር «መሠረታዊ ስልጠና» ተባለ።

ያን ቀን በዚህ ቢበቃ እንኳ ባመሰገንኳቸው ነበር። እሳቸው ግን ነጭ ወረቀት አውጥተው «12,000 ብር ደመወዝ ያለው ሰው እጁ ላይ ስንት ይደርሰዋል?» አሉኝ። ቀላል መሰለኝ። መጀመሪያ የሠራሁት በተማርኩበት ሠንጠረዥ፣ ከ600 ብር በሚጀምረው ነበር። እሱ ተቀይሯል፤ አሁን እስከ 2,000 ብር ግብር የለበትም። ሁለተኛውን ሙከራ ደግሞ 7 በመቶ ጡረታውን አስቀድሜ ቀንሼ በቀሪው ላይ ግብር አሰላሁ። እሱም ስህተት ነው፤ ግብሩ የሚሰላው በጠቅላላ ደመወዙ ላይ ነው። 12,000 በ30 በመቶ 3,600 ይሆናል፣ ከዚያ የዚህ ደመወዝ እርከን ተቀናሽ የሆነው 1,350 ሲቀነስ ግብሩ 2,250 ነው። ጡረታው 840። እጁ ላይ የሚደርሰው 8,910 ብር። የአሠሪው 11 በመቶ፣ 1,320 ብር፣ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ እንደማይቀነስም አሰመሩልኝ። አራት ዓመት ተምሬ ይህን በእጄ ወረቀት ላይ አስልቼ አላውቅም ነበር። ማክሰኞና ረቡዕም ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ ሲቀንስ፣ እየመጣሁ ያንኑ በኤክሴል ሠራሁት።

ልጃቸው ደግሞ በእንግሊዝኛ አለማመደችኝ። ከበር ገብቼ ሰላም ብዬ እንድቀመጥ ታደርገኝና «ስለራስሽ ንገሪን» ትለኛለች። እኔ ከተወለድኩበት ቀበሌ ስጀምር ታስቆመኛለች። ምን እንደተማርኩ፣ ወረዳው ላይ ምን እንደሠራሁ፣ ለምን ይህን ሥራ እንደፈለግኩ፤ አራት ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ዝም። ሃያ ጊዜ ያህል ሳንደጋግመው አልቀረንም።

ሐሙስ ሦስት ሰዎች ጠየቁኝ። ረጅሙን ጊዜ የወሰዱት ቫውቸሮቹ ላይ ነው። ፒችትሪ ሲሉኝ «ስልጠና ወስጃለሁ፣ ሥራ ላይ ግን አልተጠቀምኩበትም» አልኩ፤ ጻፉትና አለፉ። መጨረሻ ላይ ወረቀት ሰጥተው የደመወዝ ስሌት አሠሩኝ። ቁጥሩ ሌላ ነበር፣ መንገዱ ግን ያው የጋሼ መንገድ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። በስምንተኛው ቀን ተደወለልኝ።

የሥራ ውሉንም ሳልፈርም ወደሳቸው ነው ይዤ የሄድኩት። አንድ በአንድ አነበቡልኝ፤ የሙከራ ጊዜ በአዋጅ 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን እንደማይበልጥ ያወቅኩት ያኔ ነው። ውሉ ላይ ያለው ትክክል ስለነበር «ፈርሚ» አሉኝ።

ለዚህ ሁሉ የተቀበሉኝ የፕሪንትና የኮፒ ዋጋ ብቻ ነው። ለልምምዱ ልክፈል ስል «ወንበር ላይ ተቀመጥሽ እንጂ ምን ወሰድሽ?» አሉኝ።

መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አቅጣጫውን እነግራችኋለሁ። ጠዋት ሰው ይበዛባቸዋል፣ ከሰዓት በኋላ ሂዱ። ሲቪያችሁን በፍላሽ፣ የዲግሪያችሁንና የስቱደንት ኮፒያችሁን ኦሪጅናል ይዛችሁ። ኢንተርቪው ካላችሁ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ቀን ሲቀረው፤ በዋዜማው የመጣ ሰው ሲያዩ ያዝናሉ። ጓደኛዬን ሰኞ ልኬያት ነበር። ዛሬ ቡናውን ይዤ ስገባ በኔ ወንበር ላይ ተቀምጣ 12,000ውን እያሰላች አገኘኋት።