ለሲስተር ምስጋና፤ በደብረ ብርሃንና በአካባቢው ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በደብረ ብርሃን ከተማ በአእምሮ ጤና ሙያ የሚያገለግሉ አንዲት እህታችንን በአደባባይ ለማመስገንና እንደ እኔ በጎልማሳነታቸው ግራ ለተጋቡ ሰዎች ለመጠቆም ነው። ነርስ ናቸው፤ በአእምሮ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ይዘዋል፤ ታካሚው ሁሉ የሚጠራቸው «ሲስተር» እያለ ነው። ስማቸውን እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ አላወጣሁም። የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ ፈቃዳቸውን ጠይቄ ስልካቸውን እሰጣለሁ።

እኔ የመንዝ ተወላጅ ነኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛነት ብዙ ዓመት አገልግያለሁ። ኤዲኤችዲ የሚባለው የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ሁኔታ ከኦቲዝም (ከሰው ጋር በመግባባት፣ በሥርዓት ወዳድነትና ለድምፅና ለንክኪ ባለ ስሜት ከሌላው የሚለይ የአእምሮ ሁኔታ) ጋር አንድ ላይ እንዳለብኝ የታወቀው አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። አብዛኞቻችን ኦቲዝም ሲባል አፉን ያልፈታ ሕፃን፣ ኤዲኤችዲ ሲባል ደግሞ ወንበር ላይ የማይረጋ ተማሪ ነው የሚታየን። እርግጥ ነው፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሥርተው ስለነዚያ ልጆች በየመድረኩ ባይናገሩ ኖሮ ይህችንም ያህል አናውቅም ነበር። ነገር ግን እነዚያ ልጆች ያድጋሉ፤ ያገባሉ፣ ይቀጠራሉ፣ እድር ይገባሉ፤ ሳይታወቅላቸው ያደጉትም ጥቂት አይደሉም።

የሲስተር ውለታ እንዲገባችሁ በሥራዬ ላይ የነበረውን ችግር ማስረዳት አለብኝ። ግምጃ ቤት የሠራ ሰው እንደሚያውቀው ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 የሚባል ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ገቢውም ወጪውም የእያንዳንዱ ዕቃ ብዛት በሚመዘገብበት ቢን ካርድ ላይ ወዲያውኑ መስፈር አለበት። መደርደሪያዬን ብታዩት ሁሉም ነገር በየመለያ ቁጥሩ የተሰደረ ነው፤ ብሎኑ በመጠኑ፣ አምፖሉ በዋቱ፣ ቀለሙ በዓይነቱ። አንድ ካርቶን ከቦታው ፈቀቅ ቢል ገና ከበሩ ላይ ሆኜ አየዋለሁ፤ እሱን ሳላስተካክል ደግሞ ሌላ ሥራ መጀመር አይሆንልኝም። የተቆረጡት ሞዴሎች ግን ካርድ ላይ ሳይወርዱ ለሳምንታት በመሳቢያዬ ውስጥ ይከማቹ ነበር። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋና ቆጠራ ሲመጣ በመደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ልክ ሆኖ ይገኛል፤ ካርዱ ግን ሌላ ይናገራል። አለቆቼ «ይህን ሁሉ በልኩ የሚደረድር ሰው አንድ መስመር መጻፍ እንዴት ያቅተዋል?» ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም። ነገሩ የመንግሥት ንብረት ስለሆነም ከጥያቄው ኋላ ጥርጣሬ እንደነበረ አውቃለሁ። ከመሥሪያ ቤት ውጭም በሠርግና በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ጩኸቱ፣ ጭሱና የሰው ግፊያ ሲደራረብብኝ ሳልሰናበት ወጥቼ ስለምሄድ ዘመድ አዝማድ «ኩሩ ነው» ብሎ ደምድሞ ነበር።

ቀደም ሲል ወደ ሌላ የጤና ተቋም ሄጄ ከአጭር ጭውውት በኋላ «ጭንቀት ነው» ተብዬ የእንቅልፍ ክኒን ይዤ ተመልሻለሁ። ጭንቀት መኖሩ እውነት ነው፤ ከየት እንደሚመጣ ግን የጠየቀኝ አልነበረም።

ሲስተር ያደረጉት የተለየ ነገር ከጥያቄ ይጀምራል። በመጀመሪያው ቀን ምንም ስም አልሰጡኝም። ስለ እንቅልፌ፣ ስለ መጠጥና ስለ ጫት፣ ስለ ድብርት ጠየቁኝ፤ የእንቅርት ዕጢ መዛባትና የደም ማነስም ሰውን ሊያፈዝዙ ስለሚችሉ የደም ምርመራ አስደረጉልኝ። ከዚያ በኋላ «ከ12 ዓመትዎ በፊት የነበረውን ነገርዎን የሚያስታውስ ሰው በሕይወት አለ?» አሉኝ። እናቴ መንዝ ውስጥ ናትና በስልክ አገናኘኋቸው፤ ሁለታችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

ሲስተር መጠይቁን ከፊታቸው ዘርግተው ነበር፤ ነገር ግን አንዱንም ጥያቄ እንደተጻፈው አላነበቡም። ትኩረቱ ይበታተን ነበር ወይ ብለው በመጠየቅ ፈንታ «እማማ፣ ልጅዎ በግ ሲጠብቅ በጎቹ ሰው እህል ውስጥ ይገቡበት ነበር?» አሏት። እናቴ ሳቀች። «አዬ ልጄ፣ ስንት ማሳ እንደካስኩ ብታውቂ! በጉ የሰው ገብስ ሲያወድም እሱ ድንጋይ በየመልኩ ይደረድራል» አለች። ሲላክስ እንዴት ነበር ቢሏት «ጨው ተበደር ብዬ ጎረቤት ብልከው ደጅ ላይ ደርሶ ይመለስና ምን ነበር ያልሺኝ ይለኛል» ብላ መለሰች። ቀጥለው ባና ይለብስ ነበር ወይ ሲሉ ጠየቋት። ለማያውቅ ሰው፣ ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ ነው፤ በመንዝ ቁር ያለ እሱ ሌሊቱ አይነጋም። እናቴ ትንሽ ዝም ካለች በኋላ «እሱን ደግሞ በምን አወቅሽ?» አለቻቸው። ጠጉሩ ገላዬን ሲነካኝ እየጮህኩ እጥለው ስለነበር ከሥር ያረጀ ነጠላዋን ታለብሰኝ እንደነበርና ጎረቤትም «ልጅሽን አቀማጠልሽው» እያለ ይወቅሳት እንደነበር ነገረቻቸው። እኔ ራሴ ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ያንን መጠይቅ በመጽሐፍ ቋንቋ ቢያነቡላት ኖሮ እናቴ «ደህና ልጅ ነበር» ብላ ስልኩን ትዘጋው ነበር፤ የሲስተር ሙያ እዚህ ላይ ነው።

በኋላ ሲያስረዱኝ ሁለቱ ሁኔታዎች በአንድ ሰው ላይ አብረው መገኘታቸው በሕክምናው ዓለምም በይፋ ተቀባይነት ካገኘ ገና ብዙ አልቆየም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የሚያሳትመው የምርመራ መመሪያ እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ ኦቲዝም ለተገኘበት ሰው ኤዲኤችዲም አለበት ተብሎ እንዳይመዘገብ ያግድ ነበር፤ እገዳውን ያነሣው በዚያ ዓመት የወጣው አምስተኛው እትም ነው። ይኸው እትም አንዳንዶቹ የኤዲኤችዲ ምልክቶች ከ12 ዓመት በፊት የታዩ መሆን እንዳለባቸው ይደነግጋል። የትኩረት ማነስ ዘጠኝ፣ የመቅበጥበጥና የችኩልነት ዘጠኝ ምልክቶች ተዘርዝረዋል፤ በልጆች ላይ ከአንዱ ወገን ቢያንስ ስድስት መገኘት ሲኖርባቸው 17 ዓመት ለሞላው ሰው አምስት ይበቃሉ። ሲስተር የእናቴን ቃል የፈለጉት ለዚሁ ነበር። ሁለቱ ባሕርያት ደግሞ አንዱ ሥርዓት፣ ሌላው አዲስ ነገር ስለሚሻ እንደማይስማማ ጥማድ በሬ በየፊናቸው ይስባሉ፤ የአንዱ ምልክት የሌላውን ስለሚሸፍነውም የሚመለከት ሰው ይሳሳታል። መደርደሪያዬን ያየ ሰው ዝርክርክነቴን አያምንም፤ መሳቢያዬን ያየ ደግሞ ሥርዓት ወዳድነቴን አያምንም።

ሌላም የነገሩኝ ነገር አለ፣ እኔ ከሁሉ በላይ ያሰብኩበት። በእኛ አገር ልጅ ታላቁን ዓይን ለዓይን እያየ አያወራም። አንገቱን ደፍቶ የሚመልስ፣ ብዙ የማይናገር፣ ከእኩዮቹ ተለይቶ ብቻውን የሚጫወት ልጅ «ጨዋ ነው» ተብሎ ይመረቃል። እኔ ስመረቅ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ሌላ አገር ቢሆን አስተማሪ ልብ የሚለው ምልክት በእኔ ላይ ምስጋና እያስገኘ አለፈ። የቄስ ትምህርት ቤትም ሆነ የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ያየብኝ መርሳቴን ብቻ ነበር፤ ለእሱም መድኃኒቱ አለንጋ ነበር።

ሲስተር የመጨረሻውን ቃል ለብቻቸው አልሰጡም። የሰበሰቡትን ሁሉ በጽሑፍ አድርገው አዲስ አበባ ወደሚገኙ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም ላኩኝ፤ ያረጋገጡልኝ እሳቸው ናቸው። ሐኪሙ እንደገለጹልኝ ኦቲዝምን ራሱን የሚለውጥ መድኃኒት የለም። ለኤዲኤችዲ ግን እንደ ሜቲልፌኒዴት ያሉ አነቃቂ መድኃኒቶችና እንደ አቶሞክሴቲን ያሉ አነቃቂ ያልሆኑ አማራጮች አሉ። የደም ግፊትንና የልብ ምትን ሊጨምሩ፣ የምግብ ፍላጎትን ሊቀንሱ ስለሚችሉ ክትትል ያስፈልጋቸዋል፤ ይህንን ክትትል ሲስተር እዚሁ ደብረ ብርሃን ስለሚያደርጉልኝ ለየቀጠሮው 130 ኪሎ ሜትር ከመመላለስ ድኛለሁ። ሜቲልፌኒዴት በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ያለ መድኃኒት ነውና ለፈተና ጥናት ይበጃል እየተባለ ከሰው ተቀብሎ የሚዋጥ አይደለም፤ ይህን የምለው የዩኒቨርሲቲ ከተማ ውስጥ ስለምኖር ነው።

ክኒን ቢን ካርድ አይሞላም። ሲስተር ባዶ ሞዴል 22 ይዤ እንድመጣና ዕቃ ወጪ ሳደርግ እጄ የሚሠራውን ሁሉ በፊታቸው እንዳሳያቸው አዘዙኝ። አሳየኋቸው። ተረካቢው ይፈርማል፣ ዕቃውን አነሣለታለሁ፣ እሱ ይሄዳል፤ እኔም ወረቀቱን «በኋላ» ብዬ ወደ መሳቢያው እሰደዋለሁ። ተመልክተው ሲያበቁ «ሰውየው እስካለ ድረስ ሥራው አለ፤ ሰውየው ሲሄድ ሥራውም አብሮት ይሄድብዎታል» አሉኝና ቅደም ተከተሉን ገለበጡት። አሁን ተረካቢው ቆሞ ሳለ መጀመሪያ ካርዱ ላይ አወርዳለሁ፣ ከዚያ ይፈርማል፣ ዕቃው የሚወጣው በመጨረሻ ነው። ዕቃውን ሳይዝ የሚሄድ ሰው ስለሌለ መጠበቁ እኔንም በቦታዬ ያቆየኛል። በፈቃዴም ለቅርብ አለቃዬ አጭር ደብዳቤ ጻፉልኝ። ደብዳቤው የሕመም ስም አልነበረበትም፤ ትእዛዝ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ እንዲሰጠኝና ቆጠራ ግምጃ ቤቱ ጸጥ በሚልበት በማለዳ እንዲደረግ ብቻ ይጠይቃል። በመጨረሻው የሰኔ ቆጠራ ካርዱና መደርደሪያው ከጥቂት ዕቃ በቀር ተገጣጠሙ።

የለቅሶውን ነገር ስነግራቸውም የሰጡኝ መፍትሔ ከመጽሐፍ የተቀዳ አልነበረም። «መቀመጥ ካቃተዎ ሥራ ይጠይቁ» አሉኝ። የእድራችንን ዳኛ አነጋግሬ ንብረት ያዥ ሆንኩ። አሁን ለቅሶ ሲኖር ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ሰሃኑንና ብርጭቆውን ቆጥሬ አስረክባለሁ፣ ቆጥሬ እረከባለሁ። በጆሮዬ ድምፅ መቀነሻ አድርጌ ከድንኳኑ ጀርባ እውላለሁ፤ አልቃሽም ያየኛል፣ ዘመድም አልቀረም ይላል። (የእድራችን ብርጭቆ እንዲህ በቁጥሩ ገብቶ አያውቅም፤ ይህን የሚሉት ሌሎች ናቸው።)

እናቴ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል እንድሄድላት አጥብቃ ትፈልግ ነበር። ሲስተር አልተቃወሙም፤ «ይሂዱ፣ እናትዎንም ደስ ይበላት፤ ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ግን ሳያማክሩን እንዳያቋርጡ» አሉኝ። ሄድኩም፣ አላቋረጥኩምም። ከታወቀልኝ በኋላ ለወራት የዘለቀ ቁጣ በያዘኝ ጊዜ፣ ስለዚያ አለንጋና ስላለፉት ዓመታት፣ «ያለፈው አልፏል» ብለው አላቋረጡኝም፤ እስክጨርስ ሰሙኝ።

ቅር ያሰኘኝን ካልጻፍኩ ጥቆማው ጎዶሎ ይሆናል። የሚሠሩበት ክሊኒክ የመጠበቂያ ክፍል ጠባብ ነው፤ ቴሌቪዥኑም ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፤ እንደ እኔ ድምፅ ለሚከብደው ሰው ከምርመራው ይልቅ መጠበቁ ይፈትናል። ለሲስተር ብትነግሯቸው ግቢው ውስጥ ቆይታችሁ ተራችሁ ሲደርስ በስልክ ይጠሯችኋል። ለአንድ ሰው የሚሰጡት ጊዜ ረጅም ስለሆነም ቀጠሮ ቶሎ አይገኝም። «ዛሬውኑ ወረቀት ይሰጠኝ» ለሚል ሰው አይሆኑም።

በቲክቶክ ቁልፍ የጠፋበት ሁሉ ኤዲኤችዲ ነኝ ሲል አያለሁ። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያዘጋጀው መጠይቅ 18 ጥያቄዎች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ ለማጣሪያ የሚያገለግሉ ናቸው። ሞልታችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው፤ ምርመራ ግን አይተካም። ይልቅ በልጅነታችሁ የሚያውቋችሁን እናት፣ አባት፣ ታላቅ እህት ወይም ወንድም አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ የአንደኛ ደረጃ ሪፖርት ካርዳችሁ ካልጠፋ መምህሩ የጻፈባትን አስተያየት ይዛችሁ ሂዱ፤ የምትወስዱት መድኃኒት ካለም ከነማሸጊያው ያዙት። ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከሸዋሮቢት ወይም ከሌላ ሩቅ ወረዳ የምትመጡ ሰዎች ሳትደውሉ እንዳትነሡ። ለሲስተር ስትደውሉ ከሩቅ መሆናችሁን ከተናገራችሁ የደም ምርመራውንና የመጀመሪያውን ውይይት በአንድ ቀን እንዲያልቅ አድርገው ይቀጥሯችኋል።