ኮማ ወይስ ሰሚኮለን? የውስጥ ቁጥርን በራሱ ስለሚደውል ስልክ

ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ አዲስ አበባ ካለ መሥሪያ ቤት ጋር በስልክ ጉዳይ የሚጨርስ ሰው፣ የተቀዳው ድምፅ «የውስጥ ቁጥሩን ያስገቡ» ሲለው ስልኩን ከጆሮው አውርዶ ቁጥሩን ከወረቀት ላይ እስኪፈልግ ድረስ መስመሩ እንደሚዘጋበት ያውቃል። በእህል ንግድ ምክንያት እንዲህ ዓይነት ጥሪ ስለሚበዛብኝ፣ የውስጥ ቁጥርን አስቀድሞ መዝግቦ በራሱ የሚደውለውን አገልግሎት በሳምሰንግ ስልኬ ለወራት ሞክሬዋለሁ።

ዋናው ቁጥር ከተጻፈ በኋላ በመደወያው ገጽ ላይ ያሉት ሦስት ነጠብጣቦች ሲነኩ ሁለት ምርጫዎች ይመጣሉ፤ አንደኛው በኮማ (,) የሚጻፈው የሁለት ሰከንድ ፋታ ሲሆን፣ ሌላው በሰሚኮለን (;) የሚጻፈው፣ ደዋዩ እስኪፈቅድ የሚቆየው ጥበቃ ነው። ከምልክቱ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የሚላከው ጥሪው ከተነሣ በኋላ ነው፤ አራት ሰከንድ የፈለገ ኮማውን ይደግመዋል። በአይፎን የኮከቡን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ኮማውን፣ መሰላሉን መያዝ ደግሞ ሰሚኮለኑን ያወጣል። የግእዙ ነጠላ ሰረዝ ግን ይህን ሥራ አይሠራም።

ኮማው እኔን አላዋጣኝም። ስልኩ ሰከንዱን የሚቆጥረው ጥሪው ከተነሣበት ቅጽበት ጀምሮ ነው፤ የማዶው ማሽን ግን አንድ ቀን ወዲያው ይናገራል፣ ሌላ ቀን ሙዚቃ ያሰማል፣ በዓል ሲቃረብ ደግሞ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ይጨምርበታል። በመስቀል ሰሞን ሦስት ኮማ አድርጌ የመዘገብሁት 214 ከጊዜው ቀድሞ ገባና፣ ማሽኑ የፊተኛዋን 2 ብቻ ሰምቶ እንግሊዝኛ ወደሚናገረው ክፍል ወሰደኝ። ሰሚኮለኑ እንዲህ አያደርግም፤ ቁጥሩን ይዞ «ይላክ?» ብሎ ስለሚጠይቅ፣ ማሽኑ ንግግሩን ሲጨርስ አንድ ጊዜ መንካት ብቻ ይበቃል። እርግጥ ስልኩን ከጆሮ ማውረድ አይቀርም፤ ወረቀት ከመፈለግ ግን ያድናል።

በኮከብ ጀምረው በመሰላል የሚያልቁት ኮዶች ጉዳይ ሌላ ነው። ቀሪ ሒሳብ የሚያሳየውን *804# «ሒሳብ» ብሎ፣ የቴሌብርን *127# ደግሞ በስሙ መዝግቦ እንደ ማንኛውም ሰው ስልክ መደወል ይቻላል። ከዚያ በኋላ በጽሑፍ የሚመጣውን ዝርዝር ግን በኮማ መመለስ አይቻልም፤ ኮማው የሚልከው የቁልፍ ድምፅ ነውና። የምሥጢር ቁጥርንም ከእነዚህ ጋር መመዝገብ አያስፈልግም፤ «አንድ ጊዜ ልደውልበት» ሲሉት ስልኩን የሚከለክል ሰው እኛ ሰፈር የለም።

አሁን በስልኬ ያሉት የውስጥ ቁጥሮች ሁሉ በሰሚኮለን የተመዘገቡ ናቸው። ኮማው የቀረው በ058 ለሚጀምር አንድ የባሕር ዳር ቁጥር ብቻ ነው፤ የዚያ ቤት ማሽን በዓልም ቢሆን ሰላምታ አያውቅም።